ወደኋላ የቀረን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ እንዴት እናግዝ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ወላጆችና መምህራን

በአማርኛችን «ሰነፍ ተማሪ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ይሸከማል። ሥራ የማይወድ ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ ለፍቶ ለፍቶ ዝቅተኛ ውጤት የሚያመጣውም ሰነፍ ይባላል። በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው የኮንዶሚኒየም አካባቢ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ አንድ ቃል ስንት ልጅ እንደጎዳ አይቻለሁ። ወላጅ ሪፖርት ካርዱን ያይና «ልጄ ሰነፈ» ይላል፤ ከዚያ የሚሰጠው መድኃኒትም ለስንፍና የሚሰጥ ይሆናል፦ ቁጣ፣ ዱላ፣ ስልክ መቀማት፣ ከጨዋታ ማገድ። ልጁ የተያዘው ግን 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ላይ ሳይገባው ባለፈው ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል፤ እስከ አምና በአማርኛ ሲማረው የነበረው ትምህርት ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ስለመጣበት ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስለማይታየውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው የተሰበረውን ቦታ ከመፈለግ ነው። አስጠኚ መቅጠርም ሆነ ፕሮግራም ማውጣት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እነዚህን ሁለት ክፍሎች ለይቼ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በአሁኑ የትምህርት ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በአዲስ አበባ በአማርኛ በሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ተምረው 7ኛ ሲገቡ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከከተማዋ ወሰን ማዶ ባሉት የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በዚያው ቋንቋ ይቀጥላሉ። እኛ የምንኖረው በወሰኑ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከገላን ወይም ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ወይም በተቃራኒው ሲሄድ፣ ልጁ ሰፈር ብቻ ሳይሆን የመማሪያ ቋንቋም ይቀይራል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት ተነሥተው ወደ ዳርቻ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት፣ መምህርና ጓደኛ በአንድ ጊዜ የለወጡ ናቸው። በዚህ ላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ 8ኛን ያለፈ ተማሪ ቀጣዩ ትልቅ ፈተናው የ12ኛው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ያ ውጤት በ12ኛ ክፍል ብቻ የተፈጠረ አይመስለኝም፤ 7ኛ ክፍል ላይ ማንም ሳያየው የቀረ ክፍተት አራት አምስት ዓመት ተሸፍኖ ቆይቶ እዚያ ይወጣል።

አንደኛ፦ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ዘርግቶ ማየት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይምረጡና የልጁን የ6ኛ ክፍል ሪፖርት ካርድ፣ የዘንድሮውን፣ የተመለሱለትን የፈተና ወረቀቶችና ደብተሮቹን በሙሉ ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ላይ ይዘርጉ። ደረጃውን ለጊዜው ይተዉት፤ «ከ64 ተማሪ 51ኛ» የሚለው ቁጥር ልጁ የት እንደተቸገረ አይናገርም። የሚናገረው በትምህርት ዓይነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አንዲት ተማሪ በአማርኛ 81፣ በጠቅላላ ሳይንስ 39፣ በሒሳብ 42፣ በኅብረተሰብ ትምህርት 44 አምጥታ ከሆነ፣ ይህች ልጅ ማሰብና መጻፍ ትችላለች፤ የከበዳት ቋንቋው ነው ብሎ መጀመር ያስኬዳል። ሌላው በእንግሊዝኛ 70፣ በሳይንስ 66፣ በሒሳብ 31 ካመጣ ችግሩ ከሒሳቡ መሠረት ላይ ነው። በአንደኛው ሴሚስተር በሁሉም 60ዎቹ ውስጥ የነበረና በሁለተኛው በሁሉም በአንድ ላይ የወረደ ልጅ ደግሞ ትምህርቱ ሳይሆን ሕይወቱ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ቤት ውስጥ፣ ጤናው ላይ ወይም ከጓደኞቹ ጋር የሆነውን መፈለግ ያስፈልጋል። እንደነዚህ ጥርት ብለው የማይታዩ ልጆችም አሉ፤ ሆኖም ከሞላ ጎደል ወደ አንዱ ያደላሉ።

ደብተሩንም ገልጠው ይመልከቱ። ቀኖቹን ይከታተሉ፤ ማክሰኞና ረቡዕ በየሳምንቱ ከጎደሉ ልጁ በእነዚያ ቀናት የት እንደሚውል ይጠየቃል። ከሰሌዳ የተገለበጠው ማስታወሻ በየገጹ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ወይ ልጁ ቀስ ብሎ ይጽፋል፣ ወይ ሰሌዳው አይታየውም።

ሁለተኛ፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ ሆድና እንቅልፍ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ ካልተሠራ ሌላው ሁሉ ውኃ በወንፊት ይሆናል። ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለ፣ ዓይኑ ከሩቅ የማያይ ልጅ «አይታየኝም» ብሎ እጁን አያወጣም። ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ሌላው ሰው ከእሱ የተሻለ እንደሚያይ አያውቅም። ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ እንዲያነብ ያድርጉ፤ እርስዎ የሚያነቡትን እሱ ዓይኑን እያጠበበ ካነበበ ወይም ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከዚያ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። በዓይን ሕክምና የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በከተማዋ የታወቀ ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ የክፍል ኃላፊው መምህር ፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው ይጠይቁ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ደጋግሞ «ምን አልከኝ?» የሚል ልጅ ደግሞ ጆሮው መታየት አለበት።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም አለ፤ ግን አርፍዶ የሚደርስ ልጅ ቁርሱ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ልጅዎ በትክክል እየበላ መሆኑን ያረጋግጡ። በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ሴት ልጅ ካለች ምክንያቱ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ማጣት ሊሆን ይችላል። እናት፣ አክስት ወይም ሴት መምህር በግልጽ ልታነጋግራት ይገባል፤ በዓመት ሲደመር ሠላሳ የትምህርት ቀን የሚጠጋ ነውና እንደ ቀላል ነገር መታለፍ የለበትም።

ሦስተኛ፦ ከልጁ ጋር መነጋገር

የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ የሕፃንነቱን ልብስ አውልቆ የትልቅ ሰው ልብስ ገና ያልበቃው ነው። በወንድሞቹ ፊት፣ በጎረቤት ፊት ወይም በእንግዳ ፊት ስለ ውጤቱ አይጠየቅ። «የእነ እገሌ ልጅ ተመልከት» የሚለው ንግግር በእኔ ልምድ አንድም ልጅ ወደ ደብተሩ ሲመልስ አላየሁም፤ ከእነ እገሌ ልጅ ጋር ሲያጣላ ግን ብዙ አይቻለሁ። ዱላውንም እንዲሁ። የተመታ ልጅ የሚማረው ወረቀቱን መደበቅ ነው፤ ወረቀቱ ከተደበቀ ደግሞ የመጀመሪያውን ደረጃ መሥራት አይቻልም።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ለምን ወደቅህ?» የሚለው ሰፊ ስለሆነ የሚመለሰው «እኔ እንጃ» ነው። ከዚያ ይልቅ የፈተናውን ወረቀት አስቀምጠው «ይህን ጥያቄ ስታየው መጀመሪያ ምን አሰብክ?» ይበሉት። «ምን እንደሚል አልገባኝም» ካለ ቋንቋ ነው። «ገብቶኛል፣ አሠራሩ ግን ጠፋኝ» ካለ መሠረት ነው። «እሱ ጋ ሳልደርስ ሰዓቱ አለቀ» ካለ ፍጥነት ነው። ሦስቱ መልሶች ሦስት የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

አራተኛ፦ ሳይጠሩ ትምህርት ቤት መሄድ

በእኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጁ ሲጣላ ወይም መስኮት ሲሰብር «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ወላጅ በር ላይ ሲታይ ልጁ ይሸማቀቃል፣ መምህሩም ለክርክር ይዘጋጃል። ይህን ልማድ የምንለውጠው ምንም ባልተፈጠረበት ቀን በመሄድ ነው። የክፍለ ጊዜ መካከል ገብተው መምህሩን ከማስተማር አያስወጡ፤ የዕረፍት ሰዓቱን ወይም የፈረቃ መለዋወጫውን አስቀድመው ይጠይቁ። ከክፍል ኃላፊው በተጨማሪ ልጁ የተቸገረበትን ትምህርት የሚያስተምረውን መምህር ማግኘት ይሻላል፤ የሒሳብን ነገር የሚያውቀው የሒሳብ መምህሩ ነው።

«ልጄ እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁ «ደህና ነው፣ ትንሽ ቢበረታ» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ በዚህ ሴሚስተር ልጄ ያልሠራው የክፍል ሥራ ወይም አሳይንመንት የትኛው ነው? ቀጣዩ ፈተና መቼና ከየትኛው ምዕራፍ እስከ የትኛው ነው? ማካካሻ ትምህርት ወይም ቲቶሪያል አለ ወይ፣ በየትኛው ቀን? ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው? የሴሚስተር ውጤት ከመጨረሻው ፈተና ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በተከታታይ ምዘና ከተሰጡ ሥራዎች፣ ከአጫጭር ፈተናዎችና ከቤት ሥራዎች ጭምር የሚጠራቀም ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ስለማያውቁ ልጃቸው ባለማስረከብ ብቻ ያጣውን ነጥብ ችሎታ በማጣት ያጣው ይመስላቸዋል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት የቀን ሥራቸውን አቋርጠው ከሩቅ መጡና «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ልርዳው?» አሉኝ። «እናቴ፣ ማታ ማታ ደብተሩን ገልጠው ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ ይበሉት፤ እርስዎ ባይገባዎትም እሱ ሲያስረዳ ይገባዋል» አልኳቸው። ይህን ከልቤ ነው ያልኩት። ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከበረቱት የጥናት ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ያልተማሩ እናት ደግሞ ለዚህ የሚመቹ አድማጭ ናቸው።

አምስተኛ፦ የቋንቋውን ግድግዳ ማፍረስ

አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪዬ የሚከተለውን ጥያቄ አገኘ፦ የ−6ን እና የ7ን «ፕሮዳክት» ፈልግ። ማባዛት ይችላል፤ የአሉታዊ ቁጥሮችንም ሕግ ያውቃል። ሆኖም ቤቱ ያለውን መዝገበ ቃላት ገልጦ «ምርት» የሚል ትርጉም አገኘና ስድስትና ሰባት ምን እንደሚያመርቱ ሲያስብ አመሸ። በሒሳብ ውስጥ ቃሉ «ብዜት» ማለት ነው፤ መልሱም −42 ነው። ይህ ልጅ በዚያ ጥያቄ ዜሮ ቢያገኝ ዜሮው የሒሳብ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ቀጭን ደብተር ይግዙና «የቃላት ደብተር» ብለው ይሰይሙት። ገጹ በአራት ዓምድ ይከፈላል። በመጀመሪያው ቃሉ በእንግሊዝኛ፣ በሁለተኛው አነባበቡ በፊደላችን፣ በሦስተኛው ትርጉሙ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ (አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ)፣ በአራተኛው ልጁ ራሱ የሠራው ምሳሌ ወይም የሣለው ሥዕል ይሰፍራል። ፍራክሽን ክፍልፋይ፣ ኑመሬተር ላዕል፣ ዲኖሚኔተር ታህት፣ ኤሪያ ስፋት፣ ፔሪሜትር ዙሪያ፣ ትራያንግል ጎነ ሦስት፣ ሴል ህዋስ፣ ኢቫፖሬሽን ትነት እያለ ይቀጥላል። ልጁ እነዚህን ሁሉ በአማርኛ ስማቸው እስከ 6ኛ ክፍል ተምሯቸዋል፤ አዲሱ ስም ብቻ ነው። ይህን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ አይቼ አልጠገብኩም፤ «አሃ፣ ይኼማ እኔ የማውቀው ነው!» ይላል።

በቀን አምስት ቃል ይበቃል። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ 25፣ በ12 ሳምንት 300 ቃል ይሆናል፤ 300 የትምህርት ቃል የያዘ የ7ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉ አይዘጋበትም። ቃላቱ ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከዕለቱ ትምህርትና ከመማሪያ መጽሐፉ ይለቀሙ። ከሁሉ በፊት ግን የፈተና ማዘዣ ቃላቱ ይግቡ፦ ዲፋይን ትርጉሙን ስጥ፣ ሊስት ዘርዝር፣ ኮምፔር አነጻጽር፣ ኤክስፕሌይን አብራራ፣ ካልኩሌት አስላ። ልጁ «ዘርዝር» የተባለውን ሲያብራራ፣ «አብራራ» የተባለውን ሲዘረዝር ስንት ነጥብ እንደሚያጣ መምህራን በየፈተናው እናያለን።

ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር የዕለቱን አራት ወይም አምስት ቁልፍ ቃላት ሰሌዳው ጥግ ላይ ከነአማርኛ ትርጉማቸው መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን አይከለክልም፤ ተማሪው እንዲከታተለው ያደርጋል እንጂ።

ስድስተኛ፦ የሒሳቡን መሠረት መጠገን

ሒሳብ እንደ ግድግዳ ነው፤ የታችኛው ብሎኬት ከጎደለ ላይኛው አይቆምም። የ7ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከመክፈትዎ በፊት አራት ነገሮችን ይፈትሹ፦ የማባዛት ሠንጠረዥ እስከ 12፣ በረጅሙ ማካፈል፣ ክፍልፋይና አሥርዮሽ፣ አሉታዊ ቁጥር። ለእያንዳንዱ አምስት ጥያቄ በወረቀት ይጻፉለት፤ ከአምስት አራት ካገኘ ይለፉት፤ ከዚያ በታች ከሆነ እዚያው ይቁሙ። በዚህ ፍተሻ የ7ኛ ክፍል ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ሲገኝ መደንገጥም ማፈርም አያስፈልግም፤ ቦታውን ማወቅ የሥራው እኩሌታ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ከወጣ በኋላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ጋር ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ ላይ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጽፏል። «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» አልኩት። «ቲቸር፣ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርኩት» አለኝ። ስህተቱን ወዲያው አልነገርኩትም። «ግማሽ ዳቦ ይዘሃል እንበል፤ እኔ ሌላ ሲሶ ጨመርኩልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ሲሶ የሚለውን ቃል ከአያቱ ሰምቶታል፤ የእርሻ ነገር ሲያወሩ። «ይበልጣላ!» አለ። አንድ አራት ማዕዘን ሣልንና አምስት ቦታ ከፈልነው፤ ሁለቱን ቀለም ቀባ። አየው፤ ቆየት ብሎ «ቲቸር፣ ይኼ ግማሽ አይሞላም» አለ። ግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ አነሰ ማለት ነው። መልሱ ስህተት እንደሆነ ያወቀው ከእኔ ሳይሆን ከሥዕሉ ነበር።

ከዚያ ሁለት እኩል አራት ማዕዘን ሣልን፤ ሁለቱንም ስድስት ስድስት ቦታ ከፈልን። ከአንዱ ግማሹን ቀባ፤ ሦስት ቁራጭ ሆነ። ከሌላው ሲሶውን ቀባ፤ ሁለት ቁራጭ ሆነ። «አሁን ቁራጮቹ እኩል ናቸው፤ ቁጠራቸው» አልኩት። 5/6። «የጋራ ታህት» የሚለውን ስም የነገርኩት ከቆጠረ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ይህን በድፎ ዳቦ መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ይሻላል፤ የበላው ልጅ አይረሳውም።

አሉታዊ ቁጥርን ለማስረዳት የሱቅ ዱቤ የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ልጁ ሱቅ የ30 ብር ዱቤ አለበት፤ ይህ −30 ነው። 50 ብር ይዞ ሄዶ ሲከፍል 20 ብር ይተርፈዋል፦ −30 + 50 = 20። ዱቤው ላይ ሌላ የ50 ብር ዕቃ ቢወስድ ደግሞ ዕዳው 80 ይደርሳል፦ −30 − 50 = −80። ለሱቅ የሚላክ ልጅ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ በምልክት ሲጻፍ ብቻ ነው የሚጠፋው።

ጥገናው በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን ይሁን፤ አንድ ርዕስ ሳይጠና ወደ ሌላው አይዘለል። በዚህ ጊዜ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት እየገፋ መሄዱ ወላጅን ያስጨንቃል። ይሁን እንጂ ክፍልፋይ የገባው ልጅ መቶኛና እኩልታ ላይ ሲደርስ ያለፈውን በአጭር ጊዜ ይመልሰዋል፤ ክፍልፋይ ያልገባው ግን ሙሉ ሴሚስተር ቢያስጠኑትም እየገለበጠ ይቆያል።

ሰባተኛ፦ የቤት ሰዓት

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት «ጸጥ ያለ የጥናት ክፍል ያዘጋጁ» ማለት ምክር አይደለም። የሚቻለው ሰዓት መለየት ነው። ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ አባትም ስልካቸውን ያስቀምጡ፤ ታናናሾቹም ፊደል ይጻፉ። በዚያ ሰዓት ቤቱ ሁሉ ያጠናል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ወይም የውኃ ወረፋ ማታ የሚደርስ ከሆነ፣ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት በብርሃን፣ የከሰዓት ፈረቃው ጠዋት ይሥራ። ውኃ መቅዳትና ታናሽ መጠበቅ በአብዛኛው ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ወንድሟ ሲያጠና እሷ ጀሪካን ይዛ ከቆመች የውጤታቸው ልዩነት ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሥራው በቀን ይከፋፈል።

አንዱ ሰዓት እንዲህ ይሠራበት። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የቤት ሥራ፤ በሚቀጥሉት 20 ደቂቃዎች ጥገናው፤ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፤ በቀሪው ደግሞ ደብተር ዘግቶ የዕለቱን ትምህርት በባዶ ወረቀት ላይ ከጭንቅላት መጻፍ። ይህ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። ልጆቻችን «አጠናሁ» የሚሉት ደብተር ደጋግመው ሲያነቡ ነው፤ ደጋግሞ ማንበብ የሚያውቁ ያስመስላል እንጂ አያሳውቅም። ደብተሩን ዘግቶ ያስታወሰውን ጽፎ፣ ከዚያ ገልጦ የጎደለውን በሌላ ቀለም የሚሞላ ልጅ ግን የማያውቀውን በዓይኑ ያያል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማስታወስ ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ዛሬ ማታ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ይከለስ፤ ለፈተና ዋዜማ የተጠራቀመ ክለሳ ግን አይያዝም። ልጁም በዋዜማው ይተኛ።

ስምንተኛ፦ አስጠኚና የጥናት ቡድን

አቅም ያለው ወላጅ የቤት ለቤት አስጠኚ ይቀጥራል። ከመቅጠርዎ በፊት እስካሁን ያገኙትን ለአስጠኚው ያሳዩትና «በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ክፍልፋይና አሉታዊ ቁጥር እንዲገባው እፈልጋለሁ» ይበሉት። የቤት ሥራውን ለልጁ የሚሠራለት አስጠኚ ገንዘብዎን ይበላል፤ ልጁንም ያደክመዋል። አቅም ለሌለው ደግሞ 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል የደረሰ የጎረቤት ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወረዳው ወጣት ማዕከል አለ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ከኮዬ ለሚነሣ የ13 ዓመት ልጅ በየዕለቱ የሚደረስበት አይደለም፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከታላቁ ጋር ቢሄድ ግን ትልቅ ነገር ነው። የጥናት ቡድን ከአምስት ልጅ አይብለጥ፤ በብሎኩ ደረጃ ላይም ቢሆን ተራ በተራ አንዱ ለሌሎቹ ያስረዳ።

ዘጠነኛ፦ የ8ኛ ክፍል ፈተና

በአዲስ አበባ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ይሰጣል። ዝግጅቱ ግንቦት ላይ ሲጀመር ዘግይቷል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር በሚከፈትበት በየካቲት ይጀመር። የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ስለሚያስፈልግ አምና የተመለሰ ከሆነ ከታናሽ ተማሪ መዋስ ወይም በስልክ በፒዲኤፍ ማግኘት ይቻላል። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከመምህራን ጠይቆ፣ እንደ እውነተኛው ፈተና ሰዓት ይዞ፣ ሳይረዱት በሳምንት አንድ ማሠራት ከማንኛውም አጋዥ መጽሐፍ ይበልጣል። ሲታረም የተሳሳተውን ጥያቄ ሁሉ ከሦስት አንዱን ምልክት ያድርጉበት፦ ቃሉ አልገባኝም፣ አሠራሩ ጠፋኝ፣ ቸኩዬ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የትኛው ምልክት እንደበዛ ስለሚታይ የቀረው ጊዜ በዚያ ላይ ይውላል። መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ክቡን ማጥቆርንም ቤት ውስጥ ይለማመድ፤ አንድ መስመር ዘልሎ ያጠቆረ ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ ያጣል።

አሥረኛ፦ ክረምቱ

ሐምሌና ነሐሴ የእኛ ትልቁ ዕድል ናቸው። አዲስ ትምህርት አይመጣም፤ ፈተና የለም፤ የሚያሯሩጥ የለም። 7ኛን በጭንቅ አልፎ ወደ 8ኛ የሚሻገር ልጅ፣ እንዲሁም ክፍል የሚደግም ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ቢሰጠው ክፍተቱን የሚሞላበት ጊዜ ይህ ነው። የሚደግመው በተለይ ያስፈልገዋል፤ በዚያው ክፍተት ላይ ያንኑ ትምህርት ሁለተኛ ጊዜ ከሰማው ሁለተኛ ጊዜ ይወድቃልና። ቀኑን በሙሉ አያስጠኑት፤ ዝናቡ ሲያባራ ወጥቶ ኳስ ይጫወት።

ጳጉሜን ላይ በስድስተኛው ደረጃ ያነሣነውን የአራቱን የሒሳብ ነገሮች ፍተሻ ደግመው ይስጡትና ውጤቱን በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ምን ይችላል፣ ምን ይቀረዋል፣ ዓይኑ ታይቷል ወይ፣ የቃላት ደብተሩ ስንት ደርሷል። መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ያን ወረቀት ይዘው አዲሱን የክፍል ኃላፊ መምህር ያግኙ። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ከወላጅ የተቀበልኩት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ የእነዚያን ልጆች ስም ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር።